«ቼክ አውት» ሲሉኝ ክፍላቸውን ዘጋሁባቸው፦ ፍሬዛል ቨርብና ፈሊጥ እንዴት ትለማመዳላችሁ?

የታቦር ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እንግሊዝኛዬ ያሳፍረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ያዘጋጀሁትም በእንግሊዝኛ ነው፣ ባልደረቦቼም ደብዳቤ ሲጽፉ እንዳርምላቸው እኔ ዘንድ ያመጡታል። ባለፈው ወር የደረሰብኝ ነገር ግን ይህንን መተማመን ከሥሩ ነቀነቀው።

አንድ ማለዳ፣ ሦስት ሌሊት አድረው ገና ሁለት ሌሊት የሚቀራቸው አንድ አዛውንት እንግዳ ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በፊቴ ሲያልፉ ፈገግ ብለው «አይም ጎይንግ ቱ ቼክ አውት ዘ ፊሽ ማርኬት» አሉኝ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጆሮዬ የያዘው «ቼክ አውት» የሚለውን ብቻ ነበር። ሒሳባቸውን አስቀድመው ከፍለው ስለነበር የሚያጠራጥር ነገር አልታየኝም፤ መልካም ጉዞ ተመኝቼ ሸኘኋቸው፣ በሲስተሙ ላይ ክፍሉን ነፃ አደረግሁ፣ ለሃውስ ኪፒንግም ደወልኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሻንጣ ማግኘቷን ስትነግረኝ እንኳ «ረስተውት ይሆናል፣ ወደ ዕቃ ክፍል አውርጂው» አልኳት። ሰውየው ከአሞራ ገደል በወረቀት የተጠቀለለ የተጠበሰ አሳ ይዘው ሲመለሱ ካርዳቸው በሩን አልከፍት አላቸው። «ቼክ አውት» ማለት አንድን ነገር ሄዶ ማየት ማለትም እንደሆነ ያስረዱኝ ሻንጣቸውን መልሰን ካስገባን በኋላ፣ ከአሳው እያካፈሉኝ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በደረት ኪሴ ትንሽ ደብተር ይዤ፣ እየሰማሁ የማይገባኝን አነጋገር ሁሉ መመዝገብ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት 23 ሰበሰብኩ። የገረመኝ፣ በእነዚያ ሁሉ ውስጥ አንድም ከባድ ቃል አለመኖሩ ነው፤ ፑት፣ ጌት፣ ቴክ፣ ረን፣ አፕ፣ አውት፣ ኦፍ፣ ሁሉም ገና በልጅነታችን የቆጠርናቸው ናቸው። «አኮሞዴት» የሚለውን ቃል ያለ ስሕተት የምጽፍ ሰው፣ ሻንጣ የተሸከሙ ባልና ሚስት «ካን ዩ ፑት አስ አፕ ፎር ዘ ናይት?» ሲሉኝ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ትርጉሙ ያው «አኮሞዴት» ነው፤ ሰዎቹ የጠየቁኝ የሚያድሩበት ክፍል ነበር።

እንዲህ ያለው፣ አንድ ግስ «አፕ» ወይም «አውት» ከመሰለ አጭር ቃል ጋር ተጣምሮ አዲስ ትርጉም የሚይዝበት አነጋገር ፍሬዛል ቨርብ ይባላል። ከዚያ በኋላ በ«ጌት» የሚጀምሩ 40 ፍሬዛል ቨርቦችን በፊደል ተራ የደረደረ ዝርዝር አግኝቼ ሰኞ ሸመደድኩ። ሐሙስ ላይ «ጌት ባይ»፣ «ጌት ኦቨር»፣ «ጌት አወይ» እና «ጌት አሎንግ» እርስ በእርሳቸው ተጠላልፈው የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እናንተ ይህንን ነገር እንዴት ነው የምትለማመዱት? ቃላቱን በፊደላችን የጻፍኳቸው አውቄ ነው፤ ሕመሜ ያለው ጆሮዬ ላይ እንጂ ዓይኔ ላይ አይደለም።

ሰባት ነጥብ አምስት

ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና በአሳው ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። ነገር ግን በሽምደዳ ተስፋ መቁረጥህ ትክክል አይመስለኝም። ጥፋቱ መሸምደድህ ሳይሆን አንድ ጊዜ ሸምድደህ መተውህ ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱን እያስጠና ምን ያህሉን እንደሚረሳ ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ መርሳት እጅግ የሚፈጥነው ከጥናቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት መሆኑን፣ በየጊዜው የተከለሰ ነገር ግን ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆይ አሳይቷል። ሰኞ አጥንተህ ሐሙስ ድረስ ካልከለስከው አእምሮህ ያደረገው የተለመደ ሥራውን ነው።

እኔ የምጠቀመው ሴባስቲያን ላይትነር በ1970ዎቹ ያስተዋወቀውን የካርድ ሣጥን ነው። የጫማ ካርቶን ወስጄ ውስጡን በወፍራም ወረቀት አምስት ቦታ ከፋፍዬዋለሁ። አዲስ ካርድ ወደ መጀመሪያው ክፍል ይገባል፤ ካወቅሁት ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ ከሳትኩት የትም ይድረስ የት ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ይወርዳል። የመጀመሪያውን ክፍል በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በየሁለት ቀኑ፣ እያለ የመጨረሻውን በየሁለት ሳምንቱ ብቻ አያለሁ። አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 ያዘጋጀችውን የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር፣ 570 የቃል ቤተሰቦችን (ከአንድ ቃል የሚወጡ ቃላትን አንድ ላይ የያዙ ቡድኖችን) ማለት ነው፣ በአምስት ወር የጨረስኩት በዚህ ሣጥን ነው። አሁን ለአይኤልትስ፣ ማለትም ለዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ፣ የንግግር ፈተና 60 ፈሊጦችን በተመሳሳይ መንገድ እያስገባሁ ነው፤ የፈተናው መመዘኛ ለ7 ነጥብ እምብዛም ያልተለመዱና ፈሊጣዊ ቃላትን መጠቀምን ይጠይቃልና።

ባለ ጀልባው

እኔ ሐይቁ ላይ ጀልባ እነዳለሁ፤ ከ8ኛ ክፍል በላይ ስላልተማርኩ ስለ ሰዋስው የምለው የለኝም። ጎብኚዎቹ ወደ ጀልባ ሲገቡ «ሆፒን»፣ ማዕበል ሲመጣ «ሆልዶን»፣ ጉማሬ ብቅ ሲል «ዋቻውት» ይባባላሉ። ለብዙ ዓመት እያንዳንዳቸው አንድ ቃል ይመስሉኝ ነበር፤ ሁለት ሁለት ቃል መሆናቸውን ያወቅሁት አሁን የእናንተን ጽሑፍ ሳነብ ነው። ነገር ግን አንድም ቀን ተሳስቼባቸው አላውቅም።

ጡረተኛው መምህር

ባለ ጀልባው በአራት ዓረፍተ ነገር የተናገረውን እኔ ሠላሳ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ አላስተማርኩትም። እኛ መምህራን የሠራነው ስሕተት «ፑት» ማለት ማስቀመጥ ነው፣ «አፕ» ማለት ወደ ላይ ነው ብለን ካስተማርን በኋላ ተማሪው ሁለቱን ደምሮ ትርጉሙን እንዲያገኝ መጠበቃችን ነው። ተማሪውም ደመረና ጣሪያውን አየ።

የራሳችሁን ቋንቋ ተመልከቱ። አንድ የውጭ አገር ሰው መዝገበ ቃላት ይዞ «እጅ ሰጠ» የሚለውን ቢፈታ ቆርጦ የሰጠ ይመስለዋል። «ልብ ገዛ» ሲባል የገበያ ነገር፣ «እግር ጥሎኝ መጣሁ» ሲባል የአደጋ ነገር ይመስለዋል። እኛ ግን «እጅ»ን እና «ሰጠ»ን ደምረን አናውቅም፤ ከአንድ ጦርነት ታሪክ ወይም ከልጆች ትግል ጋር አብሮ ተጠቅልሎ እንደ አንድ ነገር ነው የገባን። እንዲያውም ለፍሬዛል ቨርብ ይበልጥ የሚቀርብ ነገር አለን፤ «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ቁጭ አለ»፣ «ከፍ አደረገ» እንላለን። «ብድግ» ብቻውን ምንድን ነው ብላችሁ ልጅን ብትጠይቁት መልስ የለውም፤ «አለ» ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ከመናገር ጋር አይገናኝም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ከመቀመጫው ይነሣል።

ይህን ካልኩ በኋላ አንድ ነገር በሐቅ ልጨምር። ሜናሔም ዳጉትና ባቲያ ላውፈር የተባሉ አጥኚዎች በ1985 ባወጡት ጥናት፣ አፋቸውን በዕብራይስጥ የፈቱ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ፍሬዛል ቨርብን እየሸሹ በምትኩ አንድ ቃል ብቻ ያለውን ግስ እንደሚመርጡ አስተውለዋል፤ ምክንያቱንም ዕብራይስጥ እንዲህ ያለ አሠራር የሌለው በመሆኑ ላይ ጥለውታል። ዕብራይስጥ እንደ አማርኛ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ እኔም በተማሪዎቼ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። «ፑት ኦፍ» እያለ «ፖስትፖን»፣ «ሉክ ኢንቱ» እያለ «ኢንቨስቲጌት»፣ «ፑት አፕ ዊዝ» እያለ «ቶለሬት» ይላሉ። ስሕተት አይደለም፤ የሚናገር ሰው እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲሰማ ያደርገዋል እንጂ። መሸሽ ደግሞ ለአፍ ይቻል ይሆናል፣ ለጆሮ ግን አይቻልም፤ እንግዳው የሚናገረውን አንተ አትመርጥለትም።

እነዚህ ጥንድ ጥንድ ቃላት ከየት መጡ ለሚል፣ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፣ ሊቃውንቱም ከላቲን ብዙ ቀዱ፤ የአገሬው አጫጭር ግሶች በቤትና በሜዳ ሲቀሩ የመጡት ረጃጅም ቃላት ወደ ጽሑፍ ገቡ። በእኛ ዘንድ ግእዝ የያዘውን ቦታ ብታስቡ ነገሩ ይገባችኋል። «ታገሠ» እና «ቻለ» አንድን ነገር ይናገራሉ፤ ነገር ግን እናት ልጇን «ቻለው» እንጂ «ታገሠው» ብላ አትመክርም። «ቶለሬት» የእንግሊዝኛው «ታገሠ»፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ደግሞ የእንግሊዝኛው «ቻለ» ነው። እኛ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ስንማር የተመገብነው ከመጽሐፍ ስለሆነ፣ የመጽሐፉን ቃል ይዘን የሜዳውን ሳንይዝ ቀረን።

ሰባት ነጥብ አምስት ሆይ፣ ሣጥንህ መልካም ነው፤ አልቃወመውም። የምቃወመው ካርዱ ላይ የሚጻፈውን ነው። በፊደል ተራ የተደረደሩ አርባ «ጌት»ዎች መልካቸው አንድ ስለሆነ እርስ በእርሳቸው ያምታታሉ። ሜሎዲ ጋርኒየና ኖርበርት ሽሚት በ2015 ይበልጥ የሚዘወተሩ 150 ፍሬዛል ቨርቦችን ለይተው፣ ከየአንዳንዳቸውም በርግጥ የሚዘወተሩትን ትርጉሞች ብቻ ሲመርጡ በድምሩ 288 ሆነው ተገኝተዋል። ይህም ማለት በአማካይ ለአንዱ ሁለት እንኳ አይሞላም። መዝገበ ቃላቱ ለአንዱ ቃል ዐሥራ አምስት ትርጉም ሲደረድር የሚደነግጥ ተማሪ ካለ ይህንን ያስብ። ከዚያ ዝርዝር ውስጥም ቢሆን ካርድ የሚጻፍለት፣ ሰው ሲናገረው የሰማኸው ነው።

ልኬት

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር እሠራለሁ። የሥራ ቋንቋችን ከውጭ አገር አለቆች ጋር እንግሊዝኛ ነው፤ የሚገርመው ደግሞ ከእነርሱም አብዛኞቹ አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ አይደሉም፣ ፍሬዛል ቨርቡ ግን ከአፋቸው አይጠፋም።

የእኔን ጉድ ልናገር። አንድ ቀን አለቃዬ በስልክ «ሆልድ ኦፍ ኦን ዘ ኒው ስታይል» አለኝ። «ሆልድ» መያዝ፣ «ኦፍ» ማጥፋት ነው ብዬ መምህር እንዳሉት ደመርኩና መኪኖቹን አስጠፋሁ። አምሳ የሚያህሉ ሰፊዎች እጃቸውን አጣጥፈው ሃያ ደቂቃ ተቀመጡ። ሰውየው ያለው ግን አዲሱን ሞዴል ገና አትጀምሩ፣ የያዛችሁትን ቀጥሉ ነበር። አሁን «ሆልድ ኦፍ» በሚለው ካርዴ ጀርባ ላይ የጻፍኩት ትርጉሙን ሳይሆን «አምሳ ሰፊ፣ ሃያ ደቂቃ» የሚል ነው፤ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም።

በልብስ ሥራ ላይ ስላለሁ ያስተዋልኩትን ሌላ ነገር ልጨምር። እኛ ለሰውነታችን የምናደርገውን ሁሉ በየስሙ እንጠራለን፤ ልብስ እንለብሳለን፣ ጫማ እንጫማለን፣ ቀበቶ እንታጠቃለን፣ ነጠላ እንጎናጸፋለን፣ ሻሽ እናስራለን፣ ኮፍያ እናደርጋለን። እንግሊዝኛው ለዚህ ሁሉ «ፑት ኦን» ብሎ ያልፋል፤ መነጽሩም ሽቶውም ሳይቀር በዚሁ ይሄዳል። እንደዚህ ያለውን ስናይ የእኛው ቋንቋ ይበልጥ አድካሚ ነው፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ብንጽናና ምን አለበት! በተቃራኒው ደግሞ እኛ በአንድ ቃል የምንጠራውን እነርሱ ይለዩታል። ራዲዮ «ክፈት»፣ በር «ክፈት» እንላለን፤ በዚህ ምክንያት ነው ከእኛ አብዛኞቻችን «ኦፕን ዘ ቲቪ» የምንለው። ትክክሉ «ተርን ኦን» ነው፤ «ኦፕን ዘ ቲቪ» ያልከው ጥገና ባለሙያ ብሎን መፍቻውን ይዞ ይመጣልሃል። ስለዚህ እኔ ካርዶቼን የምሠራው ከአማርኛው ተነሥቼ ነው፤ ከፊት «ቴሌቪዥኑን ክፈተው» ብዬ እጽፋለሁ፣ ከኋላ እንግሊዝኛውን።

ስለ ፈሊጥ ደግሞ ሰባት ነጥብ አምስትን ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ። አንድ ባልደረባችን ፈሊጦችን ከስልኩ ላይ እያጠና ነበር። የሌላ አገር አለቃችን አባት ማረፋቸውን በሰማን ጊዜ የሐዘን መግለጫውን በኢሜይል የጻፈው እርሱ ነው፤ አባትዎ «ኪክድ ዘ በኬት» በማለታቸው ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል አለ። ቃሉ መሞትን ይናገራል፣ በዚያ ላይ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በሐዘን ቤት «አባትህ ተደፋ አሉ፣ ነፍስ ይማር» ብሎ እንደ መግባት ነው። ለዚህ የሚሆነው «ፓስ አወይ» ነበር፤ እርሱ ራሱ ፍሬዛል ቨርብ ነው። ፍሬዛል ቨርብ ሁሉ የመንደር ወሬ ነው ለሚሉም መልስ ይሆናል፣ ከ«ዳይ» ይልቅ ለስላሳውና አክባሪው እርሱ ነውና።

ሰባት ነጥብ አምስት

እህቴ፣ የኢሜይሉን ነገር ሳነብ ላብ አጠመቀኝ፤ «ኪክ ዘ በኬት» ከ60ዎቹ ካርዶቼ አንዱ ነው። ቢሆንም በአክብሮት አንድ ጥያቄ ላንሣ። መምህር፣ ሰው ሲናገር የሰማኸውን ብቻ ጻፍ አሉ። ሆቴል ውስጥ ወይም ጀልባ ላይ የሚውል ሰው ይሰማል፤ እኔ ግን የምውለው ከመጽሐፍ ጋር ነው፣ ከሰፈሬ እስከ ቤተ መጻሕፍት ባለው መንገድ በባጃጅ ስሄድ የምሰማው አማርኛና ሲዳምኛ ነው። ፈተናው ደግሞ ሁለት ወር አይሞላውም። ካልሸመደድኩ ከየት አመጣዋለሁ?

ጡረተኛው መምህር

ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ሰው ማለቴ አጠገብህ የቆመ ብቻ ማለት አይደለም። በራዲዮ ቃለ መጠይቅ የሚሰጥ ሰው አለ፣ በስልክህ የምታዳምጠው የእግር ኳስ ተንታኝ አለ። አንድ የሰባት ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ሦስት ጊዜ አድምጥ፤ በመጀመሪያው ለነገሩ፣ በሁለተኛው አጫጭር ግሶቹን ለመያዝ፣ በሦስተኛው እያቋረጥክ ከተናጋሪው ጋር እኩል እያልክ። ከዚያ ውስጥ አራት ብቻ አውጣ። በሁለት ወር ውስጥ ከ60ው ፈሊጥ የሚበልጥና ሕይወት ያለው ነገር ይኖርሃል።

መመዘኛውንም እስከ መጨረሻው አንብበው። ፈሊጣዊ ቃል መጠቀምን ከጠቀሰ በኋላ የአነጋገር ደረጃንና ቃላት ከምን ጋር እንደሚሄዱ ማወቅን ያስከትላል። ፈታኙ የሚያዳምጠው ቃሉ በቦታው መዋሉን ነው። እኛ ያስተማርናችሁ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» ዛሬ በአፍ ሲዘወተር አትሰማውም፤ በሐምሌ ዶፍ ሲወርድ «ኢትስ ፖሪንግ» ብትል ይበቃል። «አይም አንደር ዘ ዌዘር» ለቀላል ሕመም፣ «ሌትስ ኮል ኢት ኤ ዴይ» የቀኑን ሥራ ለማብቃት፣ እነዚህ ግን ዛሬም በሰው አፍ ላይ ያሉ ናቸው። በጽሑፍ ፈተናው ላይ ደግሞ ረጃጅሞቹን ተጠቀም፣ የተገዙት ለዚያ ነው።

የታቦር ሥር

መምህር፣ አንድ የሚያደናግረኝ ነገር አለ። «ተርን ኢት ዳውን» ይባላል፣ «ተርን ዳውን ኢት» አይባልም አሉኝ። ነገር ግን «ሉክ አፍተር ኢት» ይባላል እንጂ «ሉክ ኢት አፍተር» አይባልም። አንዱ መሐል ሲገባ ሌላው ዳር የሚቀመጠው በምን ምክንያት ነው?

ጡረተኛው መምህር

መልሱ አፍህ ውስጥ አለ። ሻንጣውን «ብድግ አደረገው» ስትል «ው» የተጣበቀችው በ«አደረገ» ላይ እንጂ በ«ብድግ» ላይ አይደለም፤ «ብድጉን አደረገ» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። «ፒክ ኢት አፕ» ያው ነው፤ «ፒክ ኢት» ማለት «አደረገው»፣ «አፕ» ማለት «ብድግ» ነው፣ የእኛ ብድግታ ከፊት ሲሆን የእነርሱ ከኋላ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ሻንጣውን በስሙ ስትጠራው ግን ነፃነት አለህ፤ «ፒክ አፕ ዘ ባግ» ማለትም «ፒክ ዘ ባግ አፕ» ማለትም ይቻላል። «ሉክ አፍተር» የዚህ ወገን አይደለም፤ እዚያ «አፍተር» መስተዋድድ ስለሆነ ስሙን ከራሱ በኋላ ይፈልጋል፣ «ከእርሱ» ስንል «ከ» ከ«እርሱ» እንደማትለይ ሁሉ።

የትኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚለይ ሁሉን አቀፍ ሕግ ልሰጥህ አልችልም። የምሰጥህ ዘዴ ነው። በካርድህ ላይ ባዶውን ግስ አትጻፍ፤ «ኢት»ን ጨምረህ ጻፈው። «ተርን ኢት ዳውን»፣ «ፑት ኢት ኦፍ»፣ «ሉክ አፍተር ኢት»፣ «ረን አውት ኦቭ ኢት»። ቦታውን ከቃሉ ጋር አብረህ ትይዘዋለህ፣ ሌላ ሕግም አያስፈልግህም። ለእንግዳ ተቀባይ የምትሆን አንዲት ትንሽ ነገርም ልመርቅህ፤ «ቼክ ኢን» ስም ሲሆን የድምፁ ጫና «ቼክ» ላይ ያርፋል፣ ግስ ሆኖ «ሺ ቼክድ ኢን» ሲባል ግን ወደ «ኢን» ይሄዳል። ጭነት መኪናውን «ፒክአፕ» ስንለው ይህንኑ ሳናውቅ ተቀብለናል።

ባለ ጀልባው

«ጌት ዳውን» የሚሉኝ ቀረ። አንዳንዱ ከጀልባ ውረድ ማለቱ ይመስለኛል፣ ሌላው ጎንበስ በል ማለቱ ነው። የቱን ልያዝ?

ልኬት

ሁለቱም አለ፤ ጉማሬ አጠገብ ሲሆን ግን ጎንበስ በል።

የታቦር ሥር

ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ የሠራሁትን ላሳውቃችሁ። የሰባት ነጥብ አምስትን ካርቶን ሠራሁ፣ ካርዶቹን የጻፍኩት ግን በመምህርና በልኬት መንገድ ነው። ከፊት አማርኛውን አስቀምጣለሁ፤ ከኋላ የሰማሁትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ «ኢት» ካለች ከነቦታዋ፣ ከሥሩም ማን እንደተናገረውና ምን ይዞ እንደነበር። ለምሳሌ አንዱ ካርዴ «ፎጣ አልቆብናል» ይላል፤ ጀርባው ላይ «ዊቭ ረን አውት ኦቭ ታወልስ፣ ክፍል 214፣ ፀጉራቸው እርጥብ» የሚል አለ። ማታ ተረኛ ስሆን ሎቢው ጭር ሲል ድምፄን አውጥቼ፣ በባለ ጀልባው ስልት ሦስቱን ቃል አጣብቄ «ረናውረቭ» እያልኩ እደጋግመዋለሁ፤ የጥበቃው ጋሼ ጸሎት እያደረስኩ መስሏቸው አንድ ቀን ቆብ አወለቁልኝ።

ካስገባኋቸው 31 ካርዶች ውስጥ 12ቱን በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ከሌላ እንግዳ አፍ ደግሜ ሰምቻቸዋለሁ፤ ሽምደዳው ላይ ያላየሁት ይህ ነው፣ አንድ ጊዜ የያዝኩት አነጋገር ሁሉ በየቦታው የሚጠብቀኝ ይመስላል። አምስቱን ደግሞ ራሴ ተናግሬያቸዋለሁ። አንድ እንግዳ ስለ ተበላሸ የሞቀ ውሃ ሲያመለክቱ ከልማዴ «ዊ ዊል ኢንቨስቲጌት» ልል ምላሴ ላይ ከደረሰ በኋላ «አይል ሉክ ኢንቱ ኢት» አልኩ፤ ሰውየው ወንጀል እንደተመረመረባቸው ሳይሰማቸው ወደ ክፍላቸው ወጡ። ትላንት ደግሞ የመጀመሪያውን የፈረቃ ማስታወሻ በአዲሱ መንገድ ጻፍኩ። እንዲህ ይላል፦ «ዊ ፒክድ ዘ ጌስት አፕ አት ሲክስ ኤንድ ድሮፕድ ሂም አውት አት ዘ ኤርፖርት።»

ጡረተኛው መምህር

ማስታወሻው ያማረ ነው፣ «ፒክድ» እና «አፕ» መሐል እንግዳውን ማስገባትህም ትክክል ነው። ነገር ግን ሰውን አውሮፕላን ማረፊያ ማድረስ «ድሮፕ ኦፍ» ነው፤ «ድሮፕ አውት» ትምህርትን ማቋረጥ ነው።

የታቦር ሥር

ለካ እንግዳችንን ከትምህርት ገበታ አፈናቅያቸው ኖሯል። ማስታወሻውን አርሜዋለሁ፤ «ድሮፕ ሂም ኦፍ» የሚለውን ካርድም ጽፌ በመጀመሪያው ክፍል አስገብቼዋለሁ።